በር የሌለው ግንብ

ከአብደራፊ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው ቆላ ውስጥ ፈትቼ ያልገጠምኩት ማሽን የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ መኩራራት ብፈልግማ እስከ ካርቱም እዘረጋው ነበር። የትራክተር ጊርቦክስ ዓይኔን ጨፍኜ እፈታለሁ። አንድ ጊዜ ሰሊጥ እርሻ መሀል አንዱን የሞተ ትራክተር በሽቦና በጫማ ክር ብቻ ባስነሳው፣ ከደስታው ብዛት ነጂውን ጥሎ ግማሽ ሄክታር ብቻውን አረሰ። ነጂው ሲጠየቅ ይክዳል። ስለሚያፍር ነው።

እንግዲህ በሕፃን መጫወቻ ተሸንፎ ሦስት ወር ሙሉ መሬት ላይ የተንበረከከው ይኸው ሰው ነው። ካርቶኑ ላይ ዕድሜው ተጽፏል፤ ከስድስት ዓመት ጀምሮ። እኔ ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር።

መጫወቻውን ያመጣልኝ አንድ የገዳሪፍ ሎሪ ነጂ ነው። መኪናው ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ጋላባት ላይ ቆሞበት፣ ኬላውን በእግሬ ተሻግሬ ሠርቼለት ነበር። በጥር ሲመለስ ጋራዡ በር ላይ ጡሩንባውን አስጮኸና "ያ ኡስጣ!" አለኝ፤ ማዶ መካኒክን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ከመቀመጫው ሥር ጥግ ጥጉ በፕላስተር የተለጠፈ ካርቶን ጎትቶ አወጣ።

"ለልጅህ። የኔዎቹ አድገዋል።"

ካርቶኑ ላይ ባለ ሁለት ማማ ግራጫ ግንብ ተሥሏል። ከጣራው በላይ ክንፍ ያለው አረንጓዴ ዘንዶ አፉን ከፍቷል፤ ከታች ጋሻ ያነገበ ፈረሰኛ ቆሟል፤ ከላይኛው መስኮት ንግሥት ወደ ውጭ ታያለች። ግንቡ ሥር ደግሞ በማጠፊያው የሚከፈትና የሚዘጋ፣ አውራ ጣት የምታክል ቡናማ በር አለች። ውስጡ ግን ግንብ የለም። ያለው የፕላስቲክ ጡብ ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ቀጭ እያለ የሚገጠም፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ጡብ። የአገጣጠሙ ወረቀት ሥዕልና ቁጥር ብቻ ነው፤ ግማሹን አይጥ ይብላው የነጂው ልጆች አላውቅም።

ልጄ ስድስት ዓመቷን ጨርሳ ሰባተኛውን ይዛ ነበር። እናቷ ጎንደር ሆስፒታል ተኝታ እየታከመች እንደሆነ ነው የምታውቀው። እናቷ ግን ከሞተች አምስት ወር ሆኗታል።

ባለቤቴን ነሐሴ ላይ ትኩሳት ያዛት። እዚህ ትኩሳት ብርቅ አይደለም፤ ሁላችንም በዓመት ሁለት ሦስቴ እንጋደማለን፣ እንነሳለን። እሷም ትነሳለች ብዬ ቀለድኩባት። "አልጋውን ወደድሽው" አልኳት። በሦስተኛው ቀን የምትናገረውን መለየት ሲያቅተኝ በሚኒባስ ጎንደር አደረስኳት፤ ሳምንት ሳይሞላ ወላጆቿ አገር ቀበርናት። ልጅቷ መተማ፣ ከቤት አከራያችን ጋር ነበረች።

በእኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ በየመንገዱ አይነገርም። ሰዓት አለው፤ ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው አለው፤ ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። ለሕፃን ሲሆን ደግሞ ቀን ይጠበቅለታል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከቀብር መልስ ትከሻዬን ይዞ "ልጅቱ ትንሽ ትጠና። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ እኛው መጥተን እንነግራታለን። እስከዚያ አፍህን ጠብቅ" አለኝ። አፍ ጠብቅ የተባለው እንግዲህ እኔ ነኝ።

ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ ዋሸ። ለልቅሶ የመጣው ሰው ሁለት አጥር አልፎ ጎረቤት ቤት ተቀመጠ፤ እኔ ቤት ሲደርስ ፊቱን አብሶ "እንደምን ዋላችሁ" ይላል። ጥቁር መልበስ ግድ ነበረብኝ፤ ልጄ እንዳታይ ግን ጥቁሩን ሸሚዝ ከሰማያዊው ቱታዬ ሥር ለበስኩት። በዚያ ሙቀት ድመት እንኳን ፀጉሯን አውልቃ መስቀል በሚያምራት አገር፣ ሁለት ልብስ ደርቤ ትራክተር ሥር እተኛለሁ። ያላወቀ ደንበኛ "ኡስጣ፣ ብርድ ነው?" እያለ ይስቅብኛል። "ወባ ነው" እላለሁ።

ቤት ያከራዩን እማማ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ፣ ምላሳቸው የሰላ፣ እጃቸው ግን የለሰለሰ ሴት ናቸው። እኔን የሚጠሩኝ "ቀጣፊው" ብለው ነው። ልጄን የሚቆጡባት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእናቷ ስትምል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ልጅቱ ስኳር ቅማ "እማዬ ትሙት አልቃምኩም!" ያለች ቀን፣ እማማ ጆሮዋን ቆንጥጠው ይዘው "በእናት አይማልም! በይ ቶሎ፣ ዕድሜ ይስጣት በይ!" አሏት። ሦስት ጊዜ ሳታስደግሟት አልለቀቋትም። ባለቤቴ ልብስ እያሰጣች ትስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ባመለጣት ቁጥር ጆሮዋን በእጇ ሸፍና፣ እማማን በዓይኗ እየፈለገች፣ "ዕድሜ ይስጣት፣ ዕድሜ ይስጣት፣ ዕድሜ ይስጣት" ትላለች።

ግንቡን መሥራት የጀመርነው የባለቤቴ ልብስ በተቆለፈበት የቆርቆሮ ሳጥን ላይ ነው። ቤታችን ውስጥ ሌላ ጠረጴዛ የሚሆን ነገር አልነበረም። ለምሳ በገባሁ ቁጥር እንሠራለን። በመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን ወደ ጎን አልኩት።

"መመሪያ የሚያይ ሥራ የማይችል ነው።"

ትንሽ ቆይታ "አባዬ፣ ማማው ተገለበጠ" አለችኝ።

"አልተገለበጠም። በዘንዶው በኩል ስታዪው ነው።"

"ዘንዶው እኮ በዚህ በኩል ነው ያለው።"

"እንግዲያው የተገለበጠው ዘንዶው ነው።"

አፈረስነው። ሁለተኛ ሠራነው፣ ዘመመ። ሦስተኛ ሠራነው፣ ፈረሰኛው ፈረሱን ይዞ ግድግዳ ውስጥ ተቀበረ። መካኒክ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ምስጢር አለ፤ ማሽን ፈትቶ ሲገጥሙት ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ብሎን ይተርፋል። የተረፈውን በጣሳ አጠራቅማለሁ፤ ባለንብረቱ ከጠየቀኝ "ፋብሪካው አብዝቶት ነው" እላለሁ። ይህ ግንብ ግን ተቃራኒ ነበር። በሠራነው ቁጥር የሆነ ነገር ይጎድለዋል። እማማ በር ላይ ቆመው ያዩንና "ጎንደር ያለውን ግንብ አንተ ሠርተኸው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ መሠረቱን ትፈልግ ነበር" ይሉኛል። ልጄ ትስቃለች። ያንን ሳቅ ለመስማት ስል አንዳንዴ እያወቅሁ አጣመምኩት።

አንድ ቀን ንግሥቲቱን በሁለት ጣቷ ይዛ መስኮቱ ላይ አቆመቻት።

"ይቺ ለምን አትወርድም?"

"በሩ አልተገጠመማ። በምን ትውጣ?"

"ሲገጠም ትወጣለች?"

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። የእኔ አፍ ግን ፍሬን የለውም። "ትወጣለች እንጂ! ፈረሱ ላይ ተፈናጣ፣ ጭልጋን በአንድ ዝላይ አልፋ፣ ሸሕዲ ላይ ለፈረሱ ውኃ፣ ለራሷ ሻይ ጠጥታ፣ ዘንዶውን እንደ በግ እየነዳች፣ ሳትፈተሽ ኬላውን ጥሳ በዚህ በር ከተፍ ነው!"

ልጄ የያዘችውን ጡብ አስቀመጠች።

"እሱ እኮ እማዬ የሄደችበት መንገድ ነው።"

አንድ ጡብ አንስቼ አገላበጥኩ።

"እማዬም በሩ ሲያልቅ ትመጣለች?"

ደጁ ላይ አንድ ባጃጅ አለፈ። አቧራው እስኪሰክን ያለውን ጊዜ ሁሉ ተሰጥቶኝ ነበር፤ ሌላ መልስ ልፈልግበት።

"አዎ" አልኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። እኔን ረዳት አድርጋ ራሷ ኡስጣ ሆነች። ወረቀቱን አንስታ፣ ቁጥሩን ተከትላ፣ የጎደለውን ገጽ ከካርቶኑ ሥዕል እየቆጠረች ትገጥም ጀመር። "አባዬ፣ ግራጫ፣ ባለ አራት" ትለኛለች፤ አቀብላታለሁ። እኔ ሁለት ወር የተገላበጥኩበትን እሷ በሁለት ሳምንት ጨረሰችው። ማማው ቀጥ አለ። ዘንዶው ጣራ ላይ ወጣ። በሯን የመጨረሻ ብላ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። "ነገ" አለችኝ። ከዚያ አንገሬብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ፣ ለቀትር እንቅልፍ ፊቷን ወደ ግንቡ አድርጋ ተኛች።

ነገ በሩ ይገጠማል። ነገ ማንም አይመጣም። በዓለም ላይ ያሉትን ሁለት እውነቶች ያን ቀትር ከእኔ በላይ የሚያውቃቸው አልነበረም። እጄን ብርጭቆው ውስጥ ከተትኩ፤ በሩን ከቱታዬ ሥር፣ ጥቁሩ ሸሚዝ ደረት ኪስ ውስጥ አስገባሁት።

በማግስቱ ቤቱን ገለበጥነው። ልጄ ወለሉን በጣቷ እያበጠረች ፈለገች። እማማ መጥረጊያውን ይዘው ፈለጉ። እኔም፣ ሌባው፣ በአራት እግሬ ሆኜ ከአልጋ ሥር ገብቼ፣ "አይጥ ወስዶት ይሆናል፤ የቆላ አይጥ እኮ ትራክተር ያነሳል" እያልኩ ፈለግሁ። በተጎነበስኩ ቁጥር በሩ ደረቴን ይወጋኛል። ልጄ ከሥሬ ቀና ብላ "አባዬ፣ አንተ የጠፋ ብሎን ታገኝ የለ?" አለችኝ። ሁልጊዜ የምፎክርባት ነገር ነበር።

ቀትሩ የተበላሸብን ከዚያ ወዲህ ነው።

ቆላ ውስጥ የሚያስፈራው ጨለማ አይደለም። ሲመሽማ ነፋስ አለ፣ ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ይጫወታል። የሚያስፈራው ቀትር ነው። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥላ ከሰው እግር ሥር ገብታ ትጠፋለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው ይጠፋል፣ የጭነት መኪና ሰልፉ ሞተሩን ያጠፋል፤ ከተማው ነዋሪው ጥሎት የሄደ ይመስላል። ያኔ መንገዱ ለማይታዩት ይለቀቃል ይባላል። እኔ እንዲህ ባለው ነገር ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ።

አንድ ቀትር ከሸለብታዬ ስነቃ ንግሥቲቱ መስኮቱ ላይ የለችም። ወርዳ በሩ ሊሆን በታሰበው ባዶ ቀዳዳ ላይ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋ ቆማለች። ልጄ እንቅልፍ ላይ ናት። ልጅ ነገር ነው ብዬ መለስኳት። ከሁለት ቀን በኋላ ግንቡን ለቅቃ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ፣ ከቁልፉ አጠገብ አገኘኋት። ሌላ ቀን እሷ በቦታዋ ናት፤ ዘንዶው ግን ዞሮ ጀርባውን ሰጥቶናል። ዓይኔን ጨፍኜ ልጠብቅ ብዬ ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። ላቤ በጆሮዬ ይፈሳል። ሳጥኑ ጣ! አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ። ከሳጥኑ ክዳን ሥር ባለቤቴ ከማዶ ታስመጣው የነበረው የሰንደል ሽታ ወጣ። ቆርቆሮ በሙቀት እንደሚለጠጥ፣ ሲለጠጥ እንደሚጮህ፣ ክዳኑ ሲላላ ሽታ እንደሚያመልጥ ለጋራዡ ልጆች ሁሉ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዓይኔን ግን አልገለጥኩም። ጥቁሩ ሸሚዜ ላይ ያለችውን በር በመዳፌ ሸፍኜ፣ "ይቅር በይኝ፣ ለልጅሽ ብዬ ነው" አልኩ። ለማን እንዳልኩት አላውቅም።

በድምሩ አምስት ጊዜ ተንቀሳቀሰች። ቆጥሬያለሁ።

በአምስተኛው ጊዜ አላስቻለኝም። እማማ በጆግ ቀዝቃዛ ውኃ ይዘው ገብተዋል፤ ልጄ ከአንገሬቡ ላይ ተነስታ ዓይኗን ታሻለች።

"ይቺን ንግሥት ማነው የሚያወርዳት?" አልኩ። እንደ ቀልድ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ድምፄ ግን እንደዚያ አልወጣም።

"እኔ አይደለሁም" አለች ልጄ።

"እኔም አይደለሁ። እማማም አይደሉ። ታዲያ በእግሯ ወረደች?"

ቀጥ ብላ አየችኝ።

"እማዬ ትሙት፣ አልነካኋትም።"

የእማማ እጅ ከልማዱ ወደ ጆሮዋ ተነሳ። ከዚያ አየር ላይ ቀረ። ትንሽ ቆዩና፣ ሌላ ሥራ እንደነበረው ሁሉ፣ በዚያው እጃቸው የራሳቸውን ሻሽ አስተካከሉ። እኔ አፌን ከፈትኩ። "ዕድሜ ይስጣት በይ" ማለት ነው ያለብኝ። ሦስት ቃል ናት። በዕድሜዬ ስንት ሺህ ውሸት ያወራ አፍ ሦስት ቃል አቃተው።

ልጄ እማማን አየች። እኔን አየች። ጆሮዋን አልሸፈነችም፤ እንዲቆነጠጥ ትታው ጠበቀች። ማንም ምንም ሳይላት ሲቀር፣ ንግሥቲቱን ከሳጥኑ ጠርዝ አነሳቻት፣ መስኮቷ ላይ ቀጭ አድርጋ መለሰቻት፣ ከዚያ በዚያ ፀሐይ ወጥታ ደጅ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ብቻዋን ተቀመጠች።

"ያረቢ" አሉ እማማ ቀስ ብለው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ንግሥቲቱ አልወረደችም። ልጄም ስለ በሩ አልጠየቀችኝም፤ እናቷ መቼ እንደምትመጣም አልጠየቀችኝም። ደስ አለኝ። ለእማማ "አዩ፣ ልጅ ይረሳል" አልኳቸው።

"ልጅ አይረሳም፣ አንተ ቀጣፊ" አሉኝ። "ዝም ይላል እንጂ።"

ሰኔ መግቢያ ላይ፣ መንገዱ በጭቃ ሳይያዝ፣ የባለቤቴ ወንድም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቅዳሜ ማታ ደረሰ። ልጅቱ እንዳታያቸው ጎረቤት አደሩ። "ነገ ጎህ ሲቀድ ነው" አለኝ። "ንግግሩን ለእኔ ተወው። አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ እጇን ያዝ። ካንተ የሚፈለገው ይኸው ብቻ ነው።"

ያንን ጠዋት ለብዙ ሰው አውርቻለሁ። ሠርግ ላይ፣ ልቅሶ ላይ፣ ጠላ ቤት ውስጥ፣ ትራክተር ሥር ሆኜ ከላይ ለቆመ ደንበኛ ሳይቀር። እጇ እጄ ውስጥ እንደ ጫጩት እንዴት እንደተንቀጠቀጠ፣ እንዴት አንገቴ ላይ እንደተጠመጠመች፣ እንባዋ ጥቁሩን ሸሚዜን እንዴት እንዳራሰው። ስንቱን የደረቀ ባለ እርሻ አስለቅሼበታለሁ።

ልጄ አድጋ ጎንደር ትማር በነበረበት ጊዜ ለክረምት መጣች። ግንቡ አሁንም ሳጥኑ ላይ ነው፤ አቧራ ለብሶ፣ ያለ በር። ንግሥቲቱን በሁለት ጣቷ አነሳቻትና፣

"እኔ ነበርኩ የማወርዳት" አለችኝ። "በመስኮት ከምትጠብቅ በቀዳዳውም ቢሆን ትውጣ ብዬ። አንተ ስትተኛ።"

"በእናትሽ ምለሽ ነበር እኮ።"

"ለዚያ ነው የማልኩት። እሷ ካለች ይቆነጥጡኛል፤ ዕድሜ ይስጣት በይ ይሉኛል። ከሌለች ግን ምን ይሉኛል ብዬ።" ንግሥቲቱን በጣቷ አዞረቻት። "ቢቆነጥጡኝ ኖሮ እንዴት ደስ እያለኝ አለቅስ ነበር።"

መርዶውን የነገርናት እንግዲህ እኛ ነበርን፤ እማማና እኔ፣ በቀትር፣ ባልተነሳ እጅና ባልወጣ ሦስት ቃል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የምታውቀውን ነው የነገሯት።

"ስንት ጊዜ አወረድሻት?" አልኳት።

"ሦስቴ።"

እኔ አምስት ቆጥሬ ነበር። በእርግጥ ሁለቱን አምስት ማለት ልማዴ ነው፤ ስለዚህ አልተከራከርኳትም። ያን ጊዜ ግን አጋንኜ አልቆጠርኩም።

ንግሥቲቱን መለሰቻትና፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ "ያን ቀን ጠዋት ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበር፤ እሱን አልፈራሁም። በሩን በሩን የማየው አንተን ስጠብቅ ነበር" አለች።

ምንም አልመለስኩላትም። ዛሬ ልመልስ።

እጇን አልያዝኩም። ቤትም አልነበርኩም። ጎህ ሳይቀድ ቱታዬን ለብሼ በጓሮ ወጣሁ፤ ጋራዥ ሄጄ አንድ ትራክተር ሥር ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። ትራክተሩ አልተበላሸም ነበር፤ ዓርብ ዕለት ጨርሼው ባለቤቱን እየጠበቀ ነው። ልቅሶው ከሰፈር ሲነሳ እዚያ ድረስ ሰማሁት። ከሰማሁም በኋላ አልወጣሁም። እስከ ቀትር ድረስ እዚያው ተኝቻለሁ፤ በሩም ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።